ሊንኩ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲደርስ

ጊኒር ውስጥ «የሕትመት ቅጂ» እና «የዲጂታል ቅጂ» ብሎ መለየት ብዙም አያስኬድም። ለስልክ ብለን የላክነው ፒዲኤፍ በቴሌግራም ሲዞር ይቆይና ፎቶ ኮፒ ቤት ይደርሳል፤ መምህሩ ለተማሪዎቹ፣ አስጎብኚው ለእንግዶቹ በጥቁርና ነጭ ያወጣዋል። ወረቀቱ ደግሞ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ተመልሶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ገጽ ሳቀናብር ስለ ሊንክ የማስበው ስክሪን ላይ ስለሚኖረው መልክ ብቻ አይደለም። የማላውቀው ሰው የትም ቦታ ሲያትመው ምን ይተርፈዋል? ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የገረጣ ግራጫ ነው። ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. በ1993 ካስለመደን ወዲህ፣ ሰማያዊ ሆኖ የተሰመረበትን ቃል ያየ ሁሉ የሚጫን መሆኑን ያውቃል። ጥቁር ቶነር ብቻ ያለው ፕሪንተር ግን ሰማያዊውን የሚያወጣው ጥቁር ነጠብጣቦችን አራርቆ በመርጨት ነው። ደቃቅ ፊደል በነጠብጣብ ሲሠራ ጠርዙ ይሸረፋል፤ ያ ወረቀት እንደገና ኮፒ ሲደረግ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ባለ አራት ቀለም ኦፍሴትም ቢሆን ከጣጣ አያድንም። ሰማያዊው በዋናነት ከሳያንና ከማጀንታ ፕሌቶች ስለሚገኝ፣ ሁለቱ በፀጉር ያህል ከተዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ደቃቅ ጽሑፍ የሚጠራው በአንድ ፕሌት፣ በጥቁር ሲታተም ነው።

ማስመሩም ለእኛ ፊደል አይመችም። ብዙው የግዕዝ ፊደል የሚለየው በእግሩ ነው። «ሊ»ን ከ«ሌ» የምትለየው ከእግር በኩል የተቀጠለችው ጭረት ወይም ቀለበት ነች፤ መስመሩ እሷን ታክኮ ካለፈ አንባቢው ሊያየው ይገባል ያልነውን ቃል ራሳችን ሸፈንነው ማለት ነው። ቢሆንም መስመሩን ጨርሼ አላጠፋውም። ቀለም ለይቶ የማያይ አንባቢ አለ፤ የጠራራ ፀሐይ ላይ ስልኩን የሚያነብማ ሁላችንም ነን። መስመሩን አቅጥኜ ከፊደሉ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ሰማያዊውንም ወደ ጥቁር እስኪጠጋ አጠቁረዋለሁ። ይህን ሁሉ የምይዘው በአንድ ስታይል ውስጥ ነው፤ ወርድም ሆነ ኢንዲዛይን ለዚህ የሚሆን የፊደል ስታይል አላቸው። ለኦፍሴት ሲሆን ስታይሉን አንዴ ወደ ጥቁር ብቀይረው ሰነዱ በሙሉ ይቀየራል። እያንዳንዱን ሊንክ በእጁ እየመረጠ ሰማያዊ የሚቀባ ባልደረባ ሳይ ዝም ማለት የማልችለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ባሌ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የምናዘጋጃቸው ብሮሸሮች ብዙውን ጊዜ አፋን ኦሮሞንና አማርኛን ጎን ለጎን ይይዛሉ። በስልኩ ቅጂ ሊንኩ ቃል ላይ ስለሚቀመጥ ሁለቱ ዓምዶች አንድ ዓይነት መልክ ይኖራቸዋል። ወረቀት ላይ ግን አድራሻው ራሱ መጻፍ አለበት፤ እዚህ ላይ ነው የሚለያዩት። ኦሮምኛው የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የድር አድራሻ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይሰወራል፣ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ አይለይም። በአማርኛው ዓምድ ላይ ያው አድራሻ ምንም ቀለም ሳይቀባ ብቻውን ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በኦሮምኛው ዓምድ ደመቅ አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ በአማርኛው በተራው ክብደት እተወዋለሁ። «ወንድሜ፣ አማርኛውን ምን አድርጎህ ነው የነፈግኸው?» ያለኝ ደንበኛ አለ። ገጹን ከክንድ ርቀት ይዤ ሳሳየው ግን ሁለቱ እኩል ታዩት።

አማርኛውን የሚያስቸግረው ሌላ ነው። «በ»፣ «ከ» እና «የ» ከአድራሻው ፊት ይለጠፋሉ፣ አራት ነጥብ ከኋላው። ከስልኩ ላይ ኮፒ የሚያደርግ አንባቢ አራት ነጥቡን አብሮ ይወስድና ገጹ አልተገኘም ይባላል። ዩኒኮድ ባልሆኑት የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የሚሠራ ሰው ደግሞ አንቀጹን በሙሉ መርጦ ፎንት ሲቀይር አድራሻው ትርጉም የለሽ የግዕዝ ፊደል ሆኖ ቁጭ ይላል። አድራሻን ለብቻው፣ በራሱ መስመር ላይ ማስቀመጥ ከሁለቱም ይገላግላል።

ማንኛውም አድራሻ ግን ወረቀት ላይ መውጣት አለበት ማለት አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የመዝገብ ቁጥሩ 111 ነው፤ የገጹም አድራሻ በዚሁ ቁጥር ስለሚያልቅ አጭር ነው፣ በጣት ለቅሞ ለመጻፍ አይከብድም። እንዲህ ያለውን ሳላመነታ አትመዋለሁ። ሶፍ ዑመር ዋሻና ድሬ ሼህ ሁሴን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ ዝርዝር ላይ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ስጽፍ ለወረቀቱ የድርጅቱንና የዝርዝሩን ስም እሰጣለሁ፣ ሊንኩን ለስልኩ እተወዋለሁ። ሁለት መስመር የሚሞላ፣ በመቶኛ ምልክትና በቁጥር የተጨናነቀ አድራሻ ማንም አይጽፈውም። «እዚህ ይጫኑ» የሚለውንማ ከስልኩም ቅጂ ጭምር አውጥቼዋለሁ። ያ ፒዲኤፍ ሲታተም ወረቀት ተጫን ማለት ይሆናል። «የፓርኩ የመግቢያ ደንብ» ብሎ ቃሉ ላይ ሊንኩን ማስቀመጥ ግን ወረቀት ላይም ትርጉም አለው፤ ቢያንስ አንባቢው ምን ብሎ እንደሚፈልግ ያውቃል።

አሁን አሁን ደንበኞች ሁሉንም በኪዩአር ኮድ ካልተካህ ይላሉ። ኮዱ ጥሩ ነው፤ የጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ በ1994 እ.ኤ.አ. የሠራው ለመኪና ዕቃዎች መከታተያ ስለነበር ቆሻሻና ጭረት ይችላል፣ በከፍተኛው ደረጃ ሲዘጋጅ ሠላሳ በመቶ ያህሉ ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። አድራሻው በረዘመ መጠን ግን ነጥቦቹ ይደቅቃሉ፣ የደቀቀውን ደግሞ ኮፒ ማሽኑ ይደፍነዋል። አረንጓዴ ይሁንልን የሚሉኝንም እሺ አልላቸውም፤ ከነጭ ወረቀት ላይ በደንብ የሚለየው ጥቁሩ ነው። ከኮዱ ሥር አጭሩን አድራሻ ወይም የሚፈለገውን ስም በፊደል እጽፋለሁ። ብሮሸሩን ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ሰው ኮዱን ለጓደኛው ሲልክለት፣ ጓደኝየው በእጁ ያለው ያው አንድ ስልክ ነው፤ ካሜራውን ወደ ራሱ ስክሪን ሊያዞር አይችልም።