የጦረኛ ጠባይና የወንድነትና የሴትነት ሚዛን፤ በመቀሌ ከበባና በሂንዱ አስተሳሰብ

ዓይናለም በመቀሌ ደቡባዊ ወገን የምትገኝ ሥፍራ ናት። ከተማዪቱ ከምትጠጣው ውኃ ብዙው ከዓይናለም የከርሰ ምድር ጕድጓዶች ሲቀዳ ኖሯል። በዚህ አገር ውኃ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን በ1888 ዓ.ም. በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ የተደረገው ከበባ አስቀድሞ አስረድቷል።

በሻለቃ ጋሊያኖ የሚታዘዘው የኢጣልያ ጦር በኮረብታው ላይ መሽጎ ሳለ፥ የኢትዮጵያ ሠራዊት ደጋግሞ ቢያጠቃም ብዙ ሰው አለቀበት እንጂ ምሽጉን ለመስበር አልቻለም። ምሽገኞቹ የሚቀዱበት ምንጭ ግን ከቅጥሩ ውጭ ነበረ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ ወታደሮችም ልከው አስያዙ። የተከበበው ጦር በውኃ ጥም ተጨንቆ በጥር ወር ምሽጉን ለቀቀ።

በአማርኛ ልማድ ደፋር ሴት «ወንድ ናት» ተብላ ትመሰገናለች፤ ፈሪ ወንድም «ሴት» ተብሎ ይሰደባል። እንደዚህ አነጋገር ከሆነ ጀግንነት የወንድ ገንዘብ ነው፤ ሴት ብትጀግን በውሰት ነው። የእንዳ ኢየሱስ ታሪክ ይህን አስተያየት ይፈትነዋል።

የሂንዱ አስተሳሰብ ነገሩን የሚመለከተው በሌላ ወገን ነው። በሳንስክሪት ኃይል ማለት «ሻክቲ» ነው፤ ቃሉም በሰዋስው አንስታይ ጾታ ነው። «ዴቪ ማሃትምያ» የተባለው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ አማልክት በጎሽ መልክ በሚታየው ጋኔን ድል በሆኑ ጊዜ የሁሉም ብርሃን ተዋሕዶ ዱርጋ የተባለች አምላክ ተገኘች። አማልክቱ መሣሪያቸውን ሰጧት፤ ጋኔኑንም ገደለችው። በሙምባይ አጠገብ ባለው በኤሌፋንታ ዋሻ ደግሞ ቀኝ ጎኑ ወንድ፥ ግራ ጎኑ ሴት የሆነ የሺቫ ምስል ተቀርጾ ይታያል።

ዮጋ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሰው አካል ያመጣዋል። «ሐትሃ» በቀጥታ ሲተረጐም ግፊት ወይም ኃይል ማለት ነው፤ አንዳንድ መምህራን ግን ሁለቱን ክፍለ ቃላት ፀሐይና ጨረቃ ብለው ይፈቷቸዋል። የቀኙ የእስትንፋስ መንገድ የፀሐይ፥ የግራው የጨረቃ ይባላል፤ የልምምዱም ግብ ሁለቱን ወደ መካከለኛው መንገድ ማግባት ነው። ሺቫ በቍጣው ጊዜ ባስነሣው ጦረኛ በቪራብሃድራ ስም የሚጠራው የዘመናዊ ዮጋ አቋቋምም የጸና እግርንና የረጋ እስትንፋስን በአንድነት ይጠይቃል።

ከዚህ ተነሥቶ ሕንድ ሴትን ከሌላው አገር አብልጣ አከበረች ማለት አይገባም። የማኑ ሕግ ሴት በአባት፥ በባልና በልጅ ጥበቃ ሥር እንድትኖር ያዛል። የአምላክ ምስል ሌላ፥ የማኅበር ሥርዓት ሌላ ነው። በአንጻሩ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፤ ያገራቸው ቋንቋ ግን ለዚህ ሥራ ከ«ወንድነት» በቀር የሚበቃ ስም አላዘጋጀም።

ስለዚህ ሁለቱን አገሮች ማነጻጸር የሚጠቅመው ይህን ለመለየት ነው፤ በእንዳ ኢየሱስ ወደ ቅጥሩ የተወረወረው ድፍረትና ምንጩን ይዞ የጠበቀው ትዕግሥት የአንድ ጦርነት ሁለት ክንዶች ነበሩ። ጣይቱን «ወንድ» ብሎ ማመስገን ግን አንዱን ክንድ ከታሪኩ መቍረጥ ነው።