ስልክ በሚቋረጥበት ጊዜ፦ የበጎ ፈቃድ አማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች አገልግሎት

የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት አደጋ ሲደርስ በቅድሚያ ከሚጎዱት መሠረተ ልማቶች መካከል የኤሌክትሪክና የስልክ መስመሮች ይገኙበታል። የስልክ ማማው ባይወድቅ እንኳ የመጠባበቂያ ባትሪው ሲያልቅ፣ ወይም በርካታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲደውሉ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚያስፈልግና መንገዱ የሚያስኬድ መሆን አለመሆኑን በወቅቱ ማወቅ የሰው ሕይወት ለማዳን ወሳኝ ነው። በተለያዩ አገሮች ይህን ክፍተት በመሸፈን ረገድ የበጎ ፈቃድ አማተር ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ጉልህ ድርሻ አላቸው። ይህ ጽሑፍ የአገልግሎቱን ምንነት፣ አሠራርና ዜጎች ሊሳተፉበት የሚችሉበትን መንገድ ያብራራል።

አማተር ሬዲዮ ምንድን ነው?

በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ መሠረት አማተር ሬዲዮ ለገንዘብ ጥቅም ሳይሆን ራስን በራስ ለማሠልጠን፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ለቴክኒክ ምርምር የሚውል አገልግሎት ነው። «አማተር» የሚለው ቃል ኦፕሬተሩ ክፍያ የማይቀበል መሆኑን እንጂ ዕውቀት የሚጎድለው መሆኑን አያመለክትም። እያንዳንዱ ኦፕሬተር ፈቃድና የራሱ የጥሪ መለያ ይኖረዋል። የኢትዮጵያ አማተር ጣቢያዎች የጥሪ መለያ «ኢቲ» በሚሉት ፊደላት ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የክበብ ጣቢያ በ«ኢቲ3ኤኤ» መለያ ይታወቃል።

ያለ ማማ እንዴት ይሠራል?

አማተር ሬዲዮ በሁለቱ ተነጋጋሪዎች መካከል የስልክ ማማ፣ የኬብል መስመር ወይም የኢንተርኔት አቅራቢ አያስፈልገውም። በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ ሬዲዮና በሁለት ዛፎች መካከል የተዘረጋ ሽቦ ጣቢያ ለማቋቋም ይበቃሉ። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለሚደረግ ግንኙነት የሽቦው ርዝመት 20 ሜትር ያህል ነው።

ሽቦው ዝቅ ብሎ ሲዘረጋ ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣና ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ተንጸባርቆ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ዙሪያ ይመለሳል። በመሆኑም ተራራ ሳያግደው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ይደርሳል። ይህ ባሕርይ እንደ ኢትዮጵያ ተራራና ገደል ለሚበዛበት አገር ተስማሚ ነው። በአንጻሩ በእጅ የሚያዙት ትናንሽ ሬዲዮዖች ለአጭር ርቀትና እንቅፋት ለሌለበት ቦታ ያገለግላሉ።

ከተግባር የተገኙ ሁለት ምሳሌዎች

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በደረሰበት ጊዜ የተወሰኑ የሕንድ አማተር ኦፕሬተሮች ለመደበኛ የሬዲዮ እንቅስቃሴ በአንዳማን ደሴቶች፣ በፖርት ብሌር ከተማ ይገኙ ነበር። መደበኛው ግንኙነት ሲቋረጥ ጣቢያቸውን ወዲያውኑ ለአደጋው ሥራ አዋሉት፤ ከደሴቶቹ ወደ ዋናው የሕንድ ምድርም የሰዎችን ደኅንነት የሚመለከቱ መልእክቶችን አስተላለፉ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሕዝባዊ ዝግጅቶችን ይመለከታል። በየዓመቱ በሚካሄደው የቦስተን ማራቶን በርካታ በጎ ፈቃደኛ ኦፕሬተሮች በ42 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ ባሉ የሕክምና ጣቢያዎች ተመድበው የደከሙና የታመሙ ሯጮችን ሁኔታ ለአስተባባሪዎች ያሳውቃሉ። ኢትዮጵያዊው አትሌት ሌሊሳ ዴሲሳ ባሸነፈበት፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2005 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር በመጨረሻው መስመር አጠገብ ቦምብ ሲፈነዳ የሞባይል ኔትወርኩ ተጨናነቀ። ኦፕሬተሮቹ ግን አስቀድመው በየቦታቸው የተመደቡና ከአስተባባሪዎች ጋር የሚግባቡ ስለነበሩ መልእክት ማስተላለፋቸውን ቀጠሉ።

ከሁለቱም ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በአደጋ ቀን የሚጠቅመው ጣቢያ አስቀድሞ የተተከለ፣ በሥራም የተፈተነ ጣቢያ ነው። እንደ ጎዳና ላይ ሩጫ ያሉ የማኅበረሰብ ዝግጅቶች ለኦፕሬተሮች የልምምድ ዕድል ይሰጣሉ።

የመልእክት ሥርዓት

በአደጋ ጊዜ አንድ ጣቢያ አስተባባሪ ሆኖ ተራ ይሰጣል፤ ሌሎች ሲጠሩ ብቻ ይናገራሉ። መልእክቱ ቦታን፣ ሰዓትን፣ የተጎጂዎችን ቁጥርና የሚያስፈልገውን እርዳታ በአጭሩ የያዘ ሆኖ በጽሑፍ ይዘጋጃል። ተቀባዩም መልሶ በማንበብ ትክክለኛነቱን ያረጋግጣል። ኦፕሬተሩ መልእክቱን እንደተሰጠው ያደርሳል እንጂ ግምት አይጨምርበትም።

በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አማተር ጣቢያዎች ሌሎች ሰዎችን ወክለው ከአገር ወደ አገር መልእክት ማስተላለፍ የሚችሉት በአስቸኳይ ጊዜ ወይም በአደጋ እርዳታ ወቅት ብቻ ነው። ንግግሩን ማንኛውም ሰው ሊሰማው ስለሚችል የታማሚዎችን ምስጢርና የሟቾችን ስም በዚህ መንገድ ማስተላለፍ ተገቢ አይደለም።

ለመሳተፍ የሚፈልጉ ዜጎች ማወቅ የሚገባቸው

• በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን የተሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ በሬዲዮ ማሠራጨት በሕግ ያስጠይቃል።

• የሬዲዮ መሣሪያ ከመግዛት ወይም ከውጭ ከማስገባት በፊት ተፈላጊውን ፈቃድና የመሣሪያውን ተቀባይነት ከባለሥልጣኑ ማጣራት ያስፈልጋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚያ ያገኙት ፈቃድ በኢትዮጵያ በራሱ የማያሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ መሣሪያ ይዘው ከመምጣታቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

• ጀማሪዎች ከማሠራጨት በፊት ማዳመጥን፣ የመልእክት አጻጻፍንና የጥሪ ሥርዓትን ቢለማመዱ ይመረጣል። ልምድ ካላቸው የክበብ አባላት ጋር መሥራት ለዚህ ይረዳል።

• በጎ ፈቃደኞች በአደጋ ቦታ በራሳቸው ተነሳሽነት ከመገኘት ይልቅ ከአካባቢው የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር አካላት ጋር አስቀድመው ተነጋግረው ተግባራቸውን መወሰን ይገባቸዋል።

አማተር ሬዲዮ የመደበኛው የአደጋ ጊዜ ጥሪ ምትክ ሳይሆን ደጋፊ ነው። ስለዚህ ስልክ እስከሠራ ድረስ በቅድሚያ ወደ ፖሊስ በ991፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአዲስ አበባ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ በ939 መደወል ያስፈልጋል። ስልኩ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ የሠለጠነ፣ ፈቃድ ያለውና የሚታወቅ ኦፕሬተር በአቅራቢያ መኖሩ የእርዳታ ጥሪው ሰሚ እንዲያገኝ ያስችላል።