መኪናዋ አልነሣ ስትል

ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአጋሮ አካባቢ፣ እሸት ቡና የጫነች መኪና አመሻሽ ላይ አልነሣ ካለች ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻልና። ታዲያ ብዙ ሰው አስቀድሞ ባትሪውን ይኮንናል።

አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ያዙሩ። መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ማሰሪያው ላልቷል፣ አለዚያም ዝገት ይዞታል። መኪናዋን አጥፍተው፣ ኔጋቲቩን አስቀድመው ፈትተው፣ ጠርገውና አጥብቀው ይሞክሩ። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል።

መብራቱ ሳይደበዝዝ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ሞተሪኖውን ወይም ሽቦውን ይጠርጥሩ። ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ግን ባትሪው ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ነዳጁን፣ የቤንዚን መኪና ከሆነችም ካንዴላውን ይመርምሩ።

ሳይመረምሩ መፍረድ ለዳኛም ለመካኒክም አይበጅም።