ዐይኗ አላማረኝም

ላም ስመረምር ከሁሉ በፊት ጭብጤን በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው ጎድኗ ኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አሳርፌ ዝም እላለሁ። ቴርሞሜትሩም መርፌውም ይቆያሉ። እጄን ጠበቅ አድርጌ እጠብቃለሁ። ላሚቱ ደህና ከሆነች በደቂቃ አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ከውስጥ አንድ ነገር ተንከባሎ ይመጣና ጭብጤን ገፋ አድርጎ ይመለሳል። ማዳመጫዬን ካደረግሁበት ደግሞ ክረምት ሲገባ ከጋራ ማዶ የሚያጉረመርመውን ነጎድጓድ ይመስላል። ይህ ትልቁ ጨጓራ ነው። ከመቶ ሊትር በላይ ይይዛል፤ በዐይን የማይታዩ ቁጥር የሌላቸው ነፍሳት ይኖሩበታል፤ እኛ ፍራሽ የምንሞላበትን ገለባ ወተትና ጉልበት የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ይህን ድምፅ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ዛሬም ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው። በተለይ በሌሊት፣ በረት ውስጥ፣ ባለቤቱ ባትሪ ይዞ አጠገቤ ቆሞ ፊት ፊቴን ሲያየኝ ያቺ አንድ ደቂቃ አታልቅም። ድምፁ ሲመጣ «አለች» እላለሁ። አማርኛችን ለዚህ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። «አባትህ እንዴት ናቸው?» ሲሉን «አሉ» እንላለን፤ ጤናውም ዕድሜውም እዚያች ቃል ውስጥ ይገባል።

ሥራ የጀመርኩት ሰሜን ሸዋ፣ ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት ደጋ፣ አንድ የእንስሳት ጤና ኬላ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት ቃል ሁሉ የፈረንጅ ነበር። በመጀመሪያው ወር አንድ አባት ላማቸውን እየሳቡ መጡ። «ምን ሆነች?» አልኳቸው። «ዐይኗ አላማረኝም» አሉ። ትበላለች? ትበላለች። ታመነዥካለች? ታመነዥካለች። ሙቀቷን ለካሁ፤ 38.6፣ የጤነኛ ላም ሙቀት። መዝገቡ ላይ «ጤነኛ» ብዬ ጽፌ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት መልእክተኛ ላኩብኝ፤ ላሚቱ አንገቷ ሥር አብጦ፣ ክርኗን ከደረቷ አርቃ ቆማ፣ አልራመድም ብላለች። ታርዳ ስትከፈት ከሁለተኛው ጨጓራ ተነስቶ የልቧን ከረጢት የወጋ፣ የጣት ርዝመት ያለው ሽቦ አገኘን። ከድርቆሽ ጋር የዋጠችው ነው። ሰውየው ሽቦውን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው አዩትና ምንም ሳይሉኝ ሰጡኝ። አሁንም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ በመዝገቤ ጠርዝ ላይ ባለቤቱ የተናገረውን እንዳለ የምጽፍበት ቦታ አለ። «ጠጉሯ ቆሟል።» «ከመንጋው ኋላ ትቀራለች።» «ጆሮዋ ቀዝቅዟል።» የመጨረሻዋን የነገረችኝ አንዲት የወተት ላም ያላት ሴት ናት። ላሚቱ በወለደች ማግስት አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታ ነበር። ወተቱ ከደሟ ውስጥ ካልሲየሙን ጠርጎ ወስዶት፣ ጡንቻዋ መታዘዝ አቁሞ፣ ጆሮዋ እውነትም እንደ ሌሊት ድንጋይ ቀዝቅዟል። ካልሲየሙን በአንገቷ ደም ሥር ልቧን እያዳመጥኩ ቀስ ብዬ ለቀቅሁላት። ጠርሙሱ ሳያልቅ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፤ አገሳች፤ ከዚያ ኋላ እግሯን አስቀድማ ብድግ አለች። ሴትየዋ ወዲያው የጨበጠችው ጆሮዋን ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመኛል፤ መልመድም አልፈልግም።

የሀበሻ ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ወተቷን አላወርድ ትላለች። ግቷ ተወጥሮ፣ ልጆች ጮጮ ይዘው ቆመው፣ ጠብ አይልም። እኔ ለዚህ መርፌ አለኝ፤ ጥጃ ጡት ሲጎነትል አንጎሏ የሚያመነጨው ኦክሲቶሲን በብልቃጥ ተሞልቶ ይሸጣል። አንዲት እማማ ቤት መርፌውን ይዤ ስደርስ ግን የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፍፈው፣ ገለባ ሞልተው፣ ጨው አሽተው ላሚቱ ፊት አቁመውታል። እግር የለውም፤ ዐይን የለውም። ላሚቱ በረጅም ምላሷ ከአንገቱ እስከ ጀርባው ትልሰዋለች፤ በለሰችው ቁጥር ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን ይተኛል። እማማ ቁጢጥ ብለው ጉልበታቸው መሀል ማለቢያውን ይዘዋል፤ ወተቱ አረፋ ሠርቶ ይወርዳል። መርፌዬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

«ልጇ እንዳልሆነ አታውቅም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ታውቃለች እንጂ» አሉ፣ ማለባቸውን ሳያቋርጡ። «በሌሊት አትጠራውም እኮ። ሕይወት ላለው ነው የምትጮኸው።»

ይህን ከየትኛውም መምህሬ አልሰማሁም። ላም ሞትን ታውቃለች ብዬ ልምል አልችልም፤ የእማማ ላም ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድም ጊዜ እንዳልጮኸች እዚያው አድሬ ሰምቻለሁ። ላሜ ቦራን በእሳት ዳር እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ እናት የሞተችባቸውን ልጆች ላም ስታሳድግ ሰምተን ያለቀስን፣ ይህን ለማመን ብዙ አይከብደንም።

የበሽታዎቻችን ስሞች ደግሞ ለብቻቸው አንድ ትምህርት ናቸው። ጉሮርሳ አለ፤ ገንዲ አለ፤ ዶሮውን ሁሉ በሳምንት የሚጨርሰው ፈንግል አለ። ወይፈኑን ጭኑ ላይ የሚያሳብጠው፣ ሲዳስሱት ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሸው አባ ጎርባ ነው። የሰባውን በሬ ጠዋት ጤነኛ አውሎ ማታ የሚጥለው አባ ሰንጋ ነው። «አባ» የምንለው መነኩሴውን ነው። የጀግናውንም ፈረስ «አባ» ብለናል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ፈረሶቹ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆናቸው፤ ሰዎቹን ስንጠራ ግን እነሱም አብረው ይጠራሉ። ያንኑ የክብር ቃል ለገዳዩም ሰጠነው። በረት ውስጥ ቆሜ «አባ ሰንጋ ይሆን?» ሲሉ ስሰማ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ትልቅ ሰው ገብቶ እንደሚሰማቸው ሁሉ።

አንድ ግንቦት፣ ለመጀመሪያው እርሻ መሬቱ በለሰለሰበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ያደርኩት በዚሁ በአባ ሰንጋ ምክንያት ነው። ቡሬ የሚባለው የቀኝ በሬያቸው ከቀንበር ተፈትቶ ሲመለስ ቁና ቁና ይተነፍሳል። እኔ ስደርስ ወድቋል፤ ሙቀቱ 41.5። ልጆቹ ቢላ ስለዋል። ገና ሳይሞት ቢላ ካልደረሰለት በክት ነው፤ በክት ደግሞ አይበላም። ይህች «በክት» የምትባል ቃል በእኔ ሙያ ዐይን ትልቅ ውለታ የዋለች ናት፤ ስንቱን ሰው ከታመመ ሥጋ ጠብቃለች። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አላት፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ የደረሰለት ከብት በክት አይባልም። አባ ሰንጋ ግን ቢላ ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይለይም። ደሙ ከፈሰሰ ጀርሙ አየር ሲያገኝ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል፤ ሥጋውን የቆራረጠ ሰው ክንድ ላይ መሀሉ የጠቆረ ቁስል ያወጣል፤ የበላውንም ሊገድል ይችላል።

በሬው ላይ ቆሜ ለመንኳቸው። የዓመቱ ሥጋ፣ ያም ባይሆን ለከተማ ሻጭ የሚሄድ ጥቂት ሺህ ብር፣ ዐይናቸው እያየ ጉድጓድ ይግባ ነው የምላቸው። የበኩር ልጃቸው ተቆጣኝ፤ አልፈርድበትም። በመሀሉ ቡሬ ሞተ። ካፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም ወረደ። ሽማግሌው ያን ሲያዩ ለልጃቸው «ቢላውን አስቀምጥ» አሉት። በቃ።

ሁለት ሜትር ቆፈርን። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ኖራ የነበረው ኖራ አመጣ። የሚመጣው ሁሉ «እግዜር ይተካልዎ» ይላቸዋል፤ ለከብትና ለንብረት የሚባለው ይህ ነው። ለሰው «ያጽናዎ» እንላለን፤ አይተካምና። በሬውን ጎትተን ከማስገባታችን በፊት ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከቀንዱ ላይ ጠፍሩን መፍታት ጀመሩ። እጃቸውን በላስቲክ ጠቅልዬላቸው ነበር። ቋጠሮው ጠብቋል፤ የራሳቸው ቋጠሮ ነውና ሳያዩ በጣታቸው ያውቁታል። ፈቱት። ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ሊያደርጉት ሲሉ «አባቴ፣ እሱም መግባት አለበት» አልኳቸው። አዩኝ። ከዚያ ጠፍሩን በሬው አንገት ላይ አኖሩት። እኔም አፌ ሳያማክረኝ «እግዜር ያጽናዎ» አልኩ። የሰው ለቅሶ ላይ የሚባለውን። ማንም አላረመኝም። ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን፣ ልጄ» አሉ።

መሽቶ ስለነበር እዚያው አደርኩ። ዳለቻ የሚባለው የግራ በሬ ብቻውን በረት ገብቷል፤ ሙቀቱን ሁለቴ ለክቼለታለሁ፣ ደህና ነው። ከእንግዲህ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ካልሆነ በቀር አንድ በሬ አያርስም፤ ስለዚያ ግን በዚያ ምሽት ማንም አላነሳም። እሳት ዳር ተቀምጠን ሽማግሌው «ይሄ ምን አለው፤ ደስታን ያየ ሰው» አሉ።

ደስታ የበሽታ ስም ነው። ከከብት በሽታ ሁሉ ለከፋው ያወጣንለት ስም ይህ ነው። በ1880 ዓ.ም አካባቢ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጥቶ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ፈጀው ይባላል፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ከዚያ የመጣውን ረሃብ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት። በሽታው በየጊዜው እየተመለሰ ስለኖረ ሽማግሌው ራሳቸው በልጅነታቸው አይተውታል፤ ከብቱ እንባው ሲወርድ፣ አፉ ሲቆስል፣ ጅብ ጠግቦ ሲተወው።

«አሁን እኮ የለም» አልኳቸው። «በ2003 ዓ.ም ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።»

«ከዓለም?»

«ከዓለም።» ደስ እያለኝ ተረኩላቸው። ዋልተር ፕላውራይት የሚባል የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ ክትባቱን እንደሠራው፤ ኋላም ሙቀት የሚችል ክትባት ሲገኝ የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ተምረው፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት በረሃ በእግራቸው ይዘውት ከመንጋ መንጋ እየሄዱ እንደከተቡ። እሳቸው እሳቱን በበትራቸው እየቆሰቆሱ ሰሙኝ። ስጨርስ፦

«ማን ቀበረው?» አሉ።

ቀኑን በመቃብር ቆፋሪነት የዋልን ሰዎች ነንና ጥያቄው ተገቢ ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው። ዓለም ላይ ጥቂት ቤተ ሙከራዎች በበረዶ ያስቀምጡታል፤ አንዱ እዚሁ ቢሾፍቱ፣ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማእከል ውስጥ ነው። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የተሰበሰበ አለበት። ተቆልፎበታል፤ ይጠበቃል።

«እንግዲያ አልተቀበረማ» አሉ ቀስ ብለው። «ተቀምጧል።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጠባቂው ሌሊት ይተኛል?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ከግድግዳው ወዲያ፣ በረት ውስጥ፣ ዳለቻ ከተኛበት ሲያመነዥክ ይሰማል። ሽማግሌው በትሩን አቁመው ጆሯቸውን ወደዚያ ጣል አደረጉ።

«አለ» አሉ።