የጥቅምት 30 እንቅፋት፦ ኤክሴል የብድርና የርክክብ ቀንን እንዳያዛባ ምን ይደረግ?

ሸዋ ሮቢት፦ በይፋት ቆላ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርት አርሶ አደር ብድር የሚወስደውም ሆነ ምርቱን የሚያስረክበው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ግን ኤክሴል የተሰኘው የሠንጠረዥ ሶፍትዌር የተጻፈለትን ቀን እንደ ፈረንጆች ቀን ይቆጥረዋል። ከዚህ የሚመነጨው ስሕተት በወለድ ስሌትና በክፍያ ተራ ላይ ጉዳት ያስከትላል።

ስሕተቱ እንዴት ይፈጠራል?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 የተወሰደ ብድር ጥቅምት 28 ቀን 2017 ቢመለስ በመካከሉ ያለው ጊዜ 108 ቀን ነው። ኤክሴል ግን 15/11/2016ን ኖቬምበር 15፣ 28/02/2017ን ደግሞ ፌብሩዋሪ 28 ብሎ ስለሚያነብ 105 ቀን ብቻ ይቆጥራል።

ብድሩ ጥቅምት 30 ቢመለስ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ፣ ስሌቱን በራሱ እንዲያከናውን የተጻፈው ትእዛዝ፣ ማለትም ማክሮው፣ «ስሕተት ቁጥር 13» የሚል መልእክት አሳይቶ ይቆማል። ትርጉሙም የመረጃው ዓይነት አልተጣጣመም ማለት ነው። ጳጉሜን 3፣ ማለትም 03/13/2016፣ ሲገጥመው ደግሞ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ቀንና ወሩን አገላብጦ ማርች 13 ሊያደርገው ይችላል።

አደገኛው አቋራጭ

አንዳንድ ባለሙያዎች ማክሮው እንዳይቆም «ኦን ኤረር ሪዚዩም ኔክስት» የሚለውን ትእዛዝ ይጨምራሉ። ይህ ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። ማክሮው ያልተነበበውን ቀን ዘሎ ሲያልፍ በማኅደረ ትውስታው የቀረው ከፊተኛው ረድፍ ያነበበው ቀን ነው። በዚህም የአንዱ አርሶ አደር ዕዳ በሌላው ቀን ሊሰላ ይችላል።

ትክክለኛው መፍትሔ

ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንደ ተራ ቁጥር ይጻፉ። ከዚያም፦

• ዓመቱን በ365 ማባዛት፤
• ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር፣ ቀሪውን ትቶ፣ መደመር፤
• ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሶ በ30 ማባዛትና መደመር፤
• በመጨረሻም ቀኑን መደመር።

በዚህ መንገድ ጥቅምት 30 ቀን 2017 736,769 ይሆናል፤ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ደግሞ 736,659። ልዩነቱ 110 ቀን ሲሆን በጣት ቢቆጠርም ያው ነው። ቀመሩ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበትን ዘመነ ሉቃስንም በትክክል ያካትታል።

አርሶ አደሩስ?

ተበዳሪው ወይም አስረካቢው የተሰጠው ደረሰኝ ላይ ያለውን ቀን ከኮምፒውተሩ መዝገብ ጋር ያመሳክር፤ የቀኑንም ብዛት በራሱ ይቁጠር። ወራቱ እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ቆጠራው አያስቸግርም፤ መዘንጋት የሌለባት ጳጉሜን ብቻ ናት። ልዩነት ከተገኘ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት መዝገቡ እንዲታረም መጠየቅ ተገቢ ነው።