ዳገት የሚወጣው ብረትና ሲሊኮኑ

ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያን አልፎ፣ በድልብ ዳገት ሽቅብ ወደ ጋሸና የሚወጣ የጭነት መኪና በአንድ ቀን ከሙቀት ወደ ውርጭ ይሻገራል። ክራንክሻፍቱን ሸክም ይጠመዝዘዋል፤ የሞተሩን ጭስ የሚሰበስበው ማኒፎልድ ይግላል፤ ጎማ የሚታሰርበትን ሞዞ ኮረኮንቹ ይነርተዋል። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከዳክታይል ካስት አይረን ነው።

በተራው ካስት አይረን ውስጥ ካርቦኑ በስስ ቅጠል መልክ ስለሚተኛ ስንጥቅ በቀላሉ መንገድ ያገኛል፤ ብረቱም እንደ ሸክላ ይሰበራል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኪት ሚሊስ የተባለ የኢንኮ ኩባንያ ባለሙያ በቀለጠው ብረት ላይ ጥቂት ማግኒዥየም ቢጨምር ካርቦኑ ድቡልቡል ሆነ፤ ዳክታይል የሚባለውም ይኸው ነው። የፈጠራ መብቱ በ1949 ተመዘገበ። ዝናውን ማግኒዥየም ወሰደው እንጂ የሲሊኮን ድርሻ ቀላል አይደለም።

ብረቱ ሲረጋ ካርቦኑ ወይ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ካርባይድ የሚባል ጠንካራና ተሰባሪ ነገር ይሆናል፣ ወይ ግራፋይት ሆኖ ለብቻው ይወጣል። ሲሊኮን ወደ ግራፋይቱ ይገፋዋል። ካነሰ፣ ቶሎ የሚቀዘቅዘው የዕቃው ስስ ክፍል ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ መሰርሰሪያም አይበሳውም። ቀላጮች ብረቱን ቅርጽ ውስጥ ከማፍሰሳቸው በፊት ፌሮሲሊኮን የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ ኃይሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደክም ወሬ የሚያበዛ ቀላጭ ይከስራል።

የተለመደው የሲሊኮን መጠን ከ2 እስከ 2.8 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሲሊኮኑ ፌራይት በሚባለው ለስላሳ ብረት ውስጥ ሟሙቶ ያጠነክረዋል። የአውሮፓ ደረጃ ከ3 በመቶ በላይ ሲሊኮን ያላቸውን ዓይነቶች አካቷል፤ 4.3 በመቶ አካባቢ ካለፈ ግን ጥንካሬው መልሶ ይወርዳል። ማኒፎልድ ላይ 4 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሊኮን ከሞሊብደነም ጋር ይገባል፤ በግለት ዝገት እንዳይበላው ይከላከላልና።

ጣጣው ብርድ ላይ ነው። ሲሊኮን በ0.1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ተሰባሪ የሚሆንበት ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለማኒፎልድ የተመቸው ብረት ሞዞ ቢሆን፣ በጋሸና ማለዳ አንድ ድንጋይ ሊሰነጥቀው ይችላል። ቁራሌው የሰበሰበው አሮጌ ማኒፎልድ ከሌላው ብረት ጋር ሳይለይ ሲቀልጥ ሲሊኮኑ ሳይታወቅ ይጨምራል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው ነው።

ዕቃ የምታስቀልጡ ሁሉ፣ «ዳክታይል ነው» መባሉ አይብቃችሁ። ዕቃው የሚገጥመውን ሙቀትና ምት ተናግራችሁ የሲሊኮኑን መጠን በወረቀት ጠይቁ፤ ለሞዞ 4 በመቶ ካሏችሁ አትቀበሉ።