እንጀራና ቆጮ፦ ባህል ለእናንተ ምንድነው?

«ባህል» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል። በሬዲዮ ይነገራል፤ በስብሰባ ይነሣል። ታዲያ ጎረቤታችሁ ድንገት «ባህል ምንድነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? አንዳንዱ «የበዓል ልብስና ዘፈን ነዋ!» ይላል። ሌላው «ያባቶቻችን ወግ ነው» ይላል። ብዙ ሰው ግን ጣቱን ወደ ማዶ ቀስሮ «ባህል ያላቸው እነዚያ ናቸው» ይላል።

ይኼ የመጨረሻው መልስ ያስገርማል። ሰው የራሱን ነገር ባህል ብሎ አይጠራውም። እንጀራ የሚበላ ሰው እንጀራን «ምግብ» ይለዋል፤ ቆጮን ግን «የእነሱ ባህል» ይለዋል። ቆጮ ለሚበላው ሰው ደግሞ ቆጮ ምግብ ነው። እሱም በፊናው ጣቱን ወደዚህ ይቀስራል።

እስቲ ለአንድ አፍታ ጤፍን በቆጮ በላተኛ ዓይን እንየው። ጤፍ ከሣር ወገን ነው። ፍሬው ከሰናፍጭ ፍሬ ያንሳል። ለዚህች ደቃቅ ፍሬ ገበሬው ይገምሳል፣ ያይማል፣ ይሰልሳል፤ አንዳንድ አገር እስከ አምስት ጊዜ ያርሳል። ማሳውን በከብት ያስረግጣል። ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ይህ ሁሉ አልፎ ዱቄቱ ቤት ሲገባ እመቤቲቱ ታቦካዋለች፤ ከዚያም እስኪኮመጥጥ ድረስ ሁለት ሦስት ቀን ታቆየዋለች። አይታው የማታውቅ ሴት «ይኼን ሁሉ ደክመው ሆን ብለው ያኮመጥጡታል?» ብትል ምን ይፈረድባታል?

አሁን ደግሞ ወደ እንሰት እንሂድ። እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ነው። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው ይቆርጡታል። ግንዱን በሳንቃ ላይ ዘርግተው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል። ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው፤ ከእርሻ አያንስም። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ እዚያው ይብላላል። ይኸው ነው ቆጮ የሚሆነው። ከውሃው የሚጠለለው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ነው። ከግንዱ የሚቀረው ቃጫ ደግሞ ገመድ ይሆናል። አንድ ተክል ስንት ቤት ይሠራል!

«ይሸታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ቆጮ ሽታ አለው፤ እውነት ነው። የእንጀራ ሊጥስ? እርሾው ሽታ የለውም ወይ? የሊጡ ሽታ ለእንጀራ በላተኛ አይሸተውም፤ በዚያው ውስጥ ስላደገ። ሁለቱም እናቶች የሚያውቁት ብልሃት አንድ ነው፤ አንዷ በቡሃቃ፣ አንዷ በጉድጓድ ታብላላለች።

በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ላላችሁ አንባቢያን አንድ ጥያቄ አለን። ለዓመት በዓል ድፎ ዳቦ ሲጋገር ሊጡ የሚጠቀለለው በምንድነው? በኮባ ነው። ኮባ ደግሞ የእንሰት ቅጠል ነው! «እኛ እንሰት አናውቅም» የሚል ሰው ስንት ዘመን ዳቦውን በእንሰት ቅጠል ሲጋግር ኖሯል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እንሰት ጽፏል፤ ሥዕሉንም አውጥቷል። እንግዲህ ማዶ ያልነው ነገር ጓሮ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ጨዋታው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ነገሩ የሰው ክብር ያለበት ነውና። ልጅቷ ቆጮ ቋጥራ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጓደኞቿ ቢስቁባት በማግስቱ ምሳዋን ትታ ትሄዳለች። ተርባ ትውላለች። እናትየው እንግዳ ሲመጣ ቆጮውን ደብቃ በሌላት ገንዘብ እንጀራ ትገዛለች። የሳቀው ሰው ምንም አልመሰለውም፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ረስቶታል። እናትና ልጅ ግን አልረሱም። ይህን የሚያደርግ ሰው ክፉ ነው ብለን አይደለም። ብዙ ጊዜ የራሱን መሶብ የዓለም ሁሉ መለኪያ አድርጎ ስለያዘ ነው።

በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ከረሃቡ በኋላ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ወደ ሌሎችም ቦታዎች ተወስዶ ነበር። ብዙው ሳይወድ ነው የሄደው። ነባሩም ሕዝብ ቢሆን ተጠይቆ አልነበረም። በበሬ የሚያርስ ሰው እንሰትና ጎደሬ ከሚተክል ሰው ጋር ጎረቤት ሆነ። ቋንቋው ሌላ፣ ሰላምታው ሌላ፣ ማዕዱ ሌላ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ «የእነሱ ባህል» እያሉ መጠቆም አይበቃም። ዘር ከማን ይለመናል? ሴትየዋ ምጥ ቢይዛት ማን ይጠራል? ጎረቤት ነዋ!

ሰላምታን ካነሣን፣ በአማርኛ ጠዋት «እንደምን አደርክ?» እንላለን። በኦሮምኛ «ነጋ ቡልቴ?» ይባላል፤ በሰላም አደርክ ወይ ማለት ነው። ሁለቱም የሌሊቱን ነገር ነው የሚጠይቁት።

«ታዲያ ባህል ነው ከተባለ ሁሉን ነገር አሜን እንበል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ያላደገች ልጅ መዳር ወግ ነው ቢባልም ልጅቷን ይጎዳል፤ በእኛም ቤት ይሁን በሌላው ቤት መቅረት አለበት። የቆጮ ሽታ ግን ማንን ጎዳ? ለአፍንጫችን እንግዳ የሆነውንና ሰውን የሚጎዳውን አንድ ላይ ማጨቅ ትክክል አይደለም።

ዛሬ 20 ሚሊዮን ገደማ የአገራችን ሰው በእንሰት ይኖራል፤ ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ጌዴኦው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ከፋውና ሌላውም። ዝናብ አንድ ዓመት ቢቀር እንሰት በጓሮ ይቆያል፤ እንደ እህል ማሳ በአንድ ክረምት አይጠፋም። ለጤፍ ገበሬ ይህ ሊጠየቅ የሚገባው እውቀት ነው። የእንሰቱም ሰው ስለ ጤፍ የሚጠይቀው አለው፤ ጤፍ ሳይነቅዝ ረጅም ጊዜ ጎተራ ይቀመጣልና።

እንግዲህ ቆጮ ከሚበላ ቤት ከተጋበዛችሁ ትኩሱን ከምጣዱ እንደወረደ በጎመንና በአይብ ቅመሱት። ካልጣማችሁም አልጣመኝም ማለት ነውር የለበትም፤ በደንብ ተናገሩት እንጂ። ከዚያ የቤቱን እመቤት «ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጊዜ ቆየ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል። ቆላ ላይ ቶሎ ይደርሳል፤ ደጋ ላይ ብርድ ስላለ ወራት ይፈጃል።